አበባ የሌለው እቅፍ

ኡሙሃኒ የሙሽራውንም የመቃብሩንም እቅፍ የምትቆርጠው ከአንድ ጓሮ ነው። ጓሮው ቆቦ ከተማ ከቤቷ ጀርባ፣ ስምንት እርምጃ በስድስት ነው። ሪሃን፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳርና ሁለት ግንድ ጽጌረዳ አለበት። በበጋ የራያ ፀሐይ ቅጠሉን ያሳርረዋል። እሷ ግን ቦኖ ተሰልፋ በጀሪካን እየቀዳች፣ ልብስ ያለቀለቀችበትን ውሃ ሳይቀር እያጠጣች አቆይታዋለች።

ሥርዓቷ ቀላል ነው። ለሙሽራ ሪሃኑ ከነአበባው፣ ጽጌረዳው መሐል ላይ። ለመቃብር ቅጠል ብቻ። እናቷ እንዲህ ነበር ያስተማረቻት።

ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ አንድያ ልጇ ዒምራን ከጓደኞቹ ጋር የጎብዬን መንገድ ይዞ በእግሩ ወጣ። ጓደኞቹ ተመለሱ። እሱን ያየው የለም። ጎረቤት «ለቅሶ እንቀመጥለት» ባላት ቁጥር፣ አራት ዓመት ሙሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «ሬሳውን አምጡና እቀመጣለሁ።»

በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ጠዋት መይሙና መጣች። ልጇ ኢቅራ የዒምራን እጮኛ ነበረች። መይሙና የጓሮው በር ላይ ቀረች።

«መቆምሽ ካልቀረ አሪቲውን አትርገጪብኝ» አለቻት ኡሙሃኒ።

«ነገ የኢቅራ ኒካህ ነው። ሙሽራው የዋጃ ሰው ነው።»

ኡሙሃኒ በቢላዋዋ የደረቀ ቅጠል መቁረጧን ቀጠለች።

«አራት ዓመት ጠበቀች እኮ። ሃያ ስድስት ሞላት። ከሌላ ቤት እቅፍ ላምጣልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። እትዬ ኡሙሃኒ ያላሰረችውን አልይዝም አለች።»

«ድፍረቷ!»

«ካንቺ ነው የተማረችው።»

ኡሙሃኒ ቢላዋውን ይዛ ቆመች። እቅፉን ካሰረች ልጄ ሞቷል ማለቷ ነው፤ ነገ ገበያው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወራው። ካላሰረች ደግሞ ልጅቷ ባዶ እጇን ትሄዳለች። ጎንበስ ብላ መቁረጥ ጀመረች።

ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ያሰረችው ለመቃብር ነው። እጇ የለመደውን ሠራ። የሪሃኑን አበባ አንድ በአንድ ቀነጠበች፤ ቅጠሉን አስተካክላ በቃጫ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ለመይሙና ዘረጋችላት።

«አዑዙ ቢላህ! ይኼ እኮ የቀብር ነው!»

ኡሙሃኒ እጇን አየች። አበባው እግሯ ሥር ተበትኗል።

«አዎ» አለች። «ይኼ የእኔ ነው። ያንቺን ቆይ ላስርልሽ።»

ከጽጌረዳው ያበበውን ሁሉ ቆረጠች። ለኢቅራ ያሰረችው እቅፍ በዓመቱ ካሰረቻቸው ሁሉ ትልቁ ነበር። መይሙና ተቀብላት ሳትመርቅ፣ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ሄደች።

ቀብር ቆፋሪው ታሂር ዓርብ ዓርብ ጠዋት የመቃብሩን ቅጠል ሊወስድ ይመጣል። በማግስቱ የታዘዘው ሦስት ነበር። ቆጠረ፤ አራት ሆነበት።

«አራተኛው የማን ነው፣ እትዬ?»

«የዒምራን።»

ታሂር አንገቱን ደፋ። «የት ልትከለው?»

«ከአባቱ ጎን ባዶ መሬት አለ አይደል?»

«አለ።»

«እዚያ።»

በሳምንቱ ሲመለስ ነገሩን ለመናገር ከበሩ ላይ አመነታ። «እትዬ፣ ያንን እቅፍ ፍየል በልታዋለች።»

ኡሙሃኒ በቢላዋዋ ጠቆመችው። ለዒምራን ሌላ አስራ፣ ከጀሪካኑ አጠገብ ጥላ ውስጥ አስቀምጣለት ነበር።