ለጆሮ ፀጉር የተቀባ ቅቤ

ወንድሜ የመረጣትን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ በተሰናዳበት ሰሞን ነው እኔ ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት የገባሁት። የአንደኛ ዓመት የጤና ተማሪ ነኝ። ቤታችን ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም አይርቅም።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት የእናታችን ታላቅ ወንድም ናቸው። በአገሩ ከእርሳቸው የሚበልጥ ተናጋሪ የለም፤ ችግሩ መስማቱ ላይ ነው። አምና ለጎረቤታችን ልጅ ሽምግልና ሄደው የልጅቱ አባት ላሉት ሁሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ዋሉ። ያ ሙሽራ እስከ ዛሬ የአማቱን ማሳ ያርሳል።

"እህት ዓለም፣" አለኝ ወንድሜ፣ "የእኔም ዕጣ እንዲያ ከመሆኑ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂዱልኝ። አንቺን ይሰማሉ።"

"ማንንም አይሰሙም እኮ።"

"እንግዲያው ጮኸሽ አስረጃቸው።"

ስለ ጆሮ የተማርነውን በደንብ ስላጠናሁ ደስ አለኝ። አጎቴን ያገኘኋቸው በጎቻቸው ወደ ጋጣ ሲገቡ በር ላይ ቆመው ነው።

"ጋሼ፣" ብዬ ጮኽኩ፣ "በውስጠኛው ጆሮ የሚሰሙ ሴሎች አሉ። አናታቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር አለ። ድምፅ ሲመጣ ያ ፀጉር ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ሲል ጥቃቅን በሮች ይከፈታሉ። ፖታሲየም የሚባል የጨው ዘመድ እንደነዚህ በጎች ግር ብሎ ይገባል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በታች በኩል ሌላ በር ተከፍቶ ካልሲየም ይገባል። እርሱ ሲገባ ሴሉ ኬሚካል ይለቃል፣ ኬሚካሉ ነርቩን ይቀሰቅሳል፣ ነርቩ ለአንጎል ይነግራል።"

"ይህ ሁሉ አንዲት 'እንደምን አደራችሁ' ለመስማት?"

"አዎ።"

"የገቡት በጎች በየት ይወጣሉ?"

ይህን ክፍል ውስጥ ማንም አልጠየቀም፤ እኔ ግን አንብቤው ነበር። "በጓሮ በር።"

መልሱ አስደሰታቸው። "ታዲያ የእኔ በሩ ነው የተዘጋው?"

"ሳይታይ አይታወቅም። ፀጉሩ በእርጅናም ይረግፋል፤ ከረገፈ ደግሞ አይበቅልም።"

አንገታቸውን ነቅንቀው የጋጣውን በር ዘጉ። በማግስቱ ጠዋት ሰላም ስላቸው ዞርም አላሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ ከሁለቱም ጆሯቸው ለጋ ቅቤ ወደ ጋቢያቸው ይወርዳል።

"ፀጉር የሚረግፈው ቅቤ ሲያጣ ነው፣" አሉኝ፣ እኔ ደንቆሮ የሆንኩ ይመስል እየጮሁ። ጆሮ ውስጥ ምንም አይጨመርም ብዬ መልሼ ጮኽኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ያንኑ የአምናውን አነቃነቅ።

ሽምግልናው እሑድ ነው። ቅቤውን ባየሁበት ዕለት፣ ዓርብ፣ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ነርሷ ለብ ባለ ውሃ ጆሯቸውን ስታጥብ መጀመሪያ ቅቤው ወጣ፤ ቀጥሎ እንደ ባቄላ የደረቀ ኩክ።

"የግራው በኩክ ተደፍኖ ነው እንጂ ደህና ነው፣" አለች። "የቀኙ ችግር ከውስጥ ይመስላል፣ ደብረ ብርሃን ይታይ። ቅቤውን ግን ለወጥ ያድርጉት፣ አባቴ።"

"የቀኙ በጎች ገበያ ወጥተዋል በሉኛ፣" አሉ አጎቴ።

ወንድሜ በግራቸው በኩል ቆሞ በሹክሹክታ፣ "እኚህ ገና ያዋርዱኛል፣ ሌላ ሽማግሌ ብልክ ይሻለኛል፣" አለኝ።

"ላክ፣" አሉ አጎቴ በረጋ ድምፅ።

ቅዳሜ ወንድሜ ሽማግሌ ላከ፤ የላከው ግን ወደ ሽማግሌው ነው። የንስሐ አባታችንን አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ አጎቴ ደጅ ተንበረከከ። "ይቅር በሉኝ" ሲል በግራ ጆሯቸው ሰሙት፤ ከዚያ ዞር ብለው፣ "አሁን ደግሞ ለዚህኛው፣ ከፍ አድርገህ፣" አሉት። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

እሑድ ሄዱ። እኔና ወንድሜ ቤት ሆነን ስንጠብቅ ዋልን፤ እርሱ እህል እንኳ አልቀመሰም። የሆነውን አመሻሽ ላይ የነገሩን የንስሐ አባታችን ናቸው። የልጅቱ አባት ሙሽራው ክረምቱን መጥቶ ይረስልኝ ሲሉ፣ አጎቴ እጃቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው፣ "አልሰማሁም፣" አሉ። እንግዲያው አጨዳውን ብቻ ያግዘኝ አሏቸው። ያንንም አልሰሙም። የልጅቱ አባት ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹና በመጨረሻ ደክሟቸው፣ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ይሁን፣ ያግባት፣" አሉ።

አጎቴ ይህን ጊዜ ተነሥተው እጅ ነሡ።