ከዘይት ፋብሪካው ወለል በታች

ወንድም ጋሼ ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። ስለ እሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነስቻለሁ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከጉድጓዱ ልጀምር።

ንፋስ ስልክ፣ ከጎፋ ወረድ ብሎ፣ የተዘጋ የዘይት ፋብሪካ ነበር። መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት አንድ ነጋዴ ግቢውን ገዝቶ፣ መጋዘን ሊሠራበት አስፈረሰው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ አላስገባ ብሎኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው እኔ እንድማር ነው። የቀን ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። "ከምትቆዝም አካፋ ያዝ" አለኝና አብረን ለመሠረት ቁፋሮ ገባን።

አፈሩ እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር ነበር። ኑግ ኑግ ይሸታል። ልብሳችንም ቤታችንም ኑግ ኑግ ይሸት ነበር። ዛሬ ያ ሽታ ባለበት ሳልፍ እግሬ ይያዛል። ከጥቁሩ በታች ቀይ አፈር መጣ። ወገባችን ጋ ስንደርስ ደግሞ እንደ አመድ የነጣ። ወንድሜ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ነገር ያገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

"የዘይት ጠርሙስ ስባሪ ነው" አለ የቁፋሮው ካቦ።

"ጠርሙስ ከወለሉ በታች በየት ገባ?" አለ ወንድሜ። "ባልጩት ነው። ሰው የጠረበው ነው።"

"አባ ጠርሙስ!" ብሎ ጮኸ አንዱ ቆፋሪ ከሚቀጥለው ጉድጓድ። "ሲሞላልህ ለእኔም ቅዳልኝ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ አባ ጠርሙስ ሆነ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ መልቀሙን ግን አልተወም። ሦስት የወተት ጣሳ ነበረው። ከቀዩ አፈር የወጣውን በአንዱ፣ ከአመዱ አናት የወጣውን በሁለተኛው፣ ከአመዱ ሥር የወጣውን በሦስተኛው ያስቀምጣል። "እዚህ ሰው ኖሯል" ይለኝ ነበር። "አርማታ ሳይሞላበት የሚያውቅ ሰው አይቶት፣ አንድ ቦታ ቢጻፍ ነው የምፈልገው።" አርማታው ሊሞላ የቀረው አንድ ሳምንት አይሞላም።

የታሪክ አስተማሪዬ ለሚያውቋቸው አንዲት የሙዚየም ባለሙያ ነገሩልን። ባለሙያዋም ሐሙስ እመጣለሁ አሉ።

ረቡዕ እኔ ጥፋት ሠራሁ። ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር፤ እኔ ቤት ቀርቼ ጣሳዎቹን አየሁ። አፈር በአፈር ናቸው። እንዲህ ለእንግዳ አይቀርብም ብዬ ሦስቱንም አንድ ሳፋ ውስጥ ገለበጥኳቸው። በሳሙናና በልብስ ብሩሽ አንድ በአንድ ፈተግኳቸው፤ ፀሐይ ላይ አንሶላ ዘርግቼ አሰጣኋቸው። ያምሩ ነበር። ወንድሜ ሲመጣ እንዲያይልኝ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

አያቸው። ወደ ባዶዎቹ ጣሳዎች ዞረ። በኋላ፣ "የትኛው ከየቱ ጣሳ ነው?" አለኝ።

ያኔ ገባኝ።

"በቃ" አለ፣ አንዱን አንስቶ እያገላበጠ። "አሁን እውነትም ጠርሙስ አስመሰልካቸው።" ሊስቅ ሞከረ። አልቻለም።

በማግስቱ ባለሙያዋ ቤታችን መጡ። አንዱን አንስተው ወደ ፀሐይ አዞሩት። "ተጠርቧል፣ ልክ ነህ" አሉት ለወንድሜ። "ግን ከየትኛው አፈር እንደወጣ ካልታወቀ፣ ከሌላ ቦታ ከመጣ አሸዋ ጋር የገባ ይሆናል ይሉኛል።"

"እኔ ነኝ ያጠብኩት" አልኳቸው።

"አይዞህ። በሄድኩበት ሁሉ አጥበው ነው የሚሰጡኝ።" ቦርሳቸውን አነሱ።

"እትዬ" አለ ወንድሜ፣ "ጉድጓዱን አንዴ ይዩልኝ።"

ቆፋሪ ጉድጓዱ መሐል አንድ ምሶሶ አፈር ሳይቆፍር ይተዋል፤ ጥልቀቱ የሚለካው በእሱ ነው። ከተለካ በኋላ ይፈርሳል። እኛ ስንደርስ ካቦው የእኛን ለክቶ ዶማ አስነስቶ ነበር።

"ካቦ፣ በእናትህ!" ብሎ ወንድሜ ዘሎ ገባና ምሶሶውን አቀፈው።

"ሚስት አገኘ!" አለ አንዱ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ባለሙያዋ ወርደው በትንሽ ቢላ የምሶሶውን አንድ ጎን ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ጥቁር፣ ቀይ፣ ከዚያ አመድ። አመዱ ውስጥ አንድ ባልጩት ግማሹ ተቀብሮ ቆሟል። ወንድሜ እጁን ሲዘረጋ ያዙት። "እንዳትነካው" አሉት። ሳቁ ቆመ።

የግንባታውን መሐንዲስ ባለሙያዋ ለምነውት ሁለት ቀን ሰጠን። ለወንድሜ ብሩሽና የግንበኛ ማንኪያ ሰጡት። ከሁሉም ፈጥኖ አፈር የሚያወጣው ሰው፣ ዓርብና ቅዳሜ ተንበርክኮ፣ እፍ እያለ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ላይ ዋለ። እኔ አፈሩን በወንፊት እነፋለሁ። እነዚያ የሚያሾፉት በምሳ ሰዓት አፋፉ ላይ ቆመው፣ "አባ ጠርሙስ፣ ዛሬስ ምን ወጣ?" ይሉታል፤ አጠያየቃቸው ግን ሌላ ሆኗል። ቅዳሜ ባለሙያዋ ደብተራቸውን አውጥተው ባልጩቱን ማን እንዳገኘው ጠየቁ። ስሙን ከነአያቱ ነገራቸው። ሲጽፉ ጎንበስ ብሎ ተከታተለ።

ሰኞ አርማታው ተሞላ። ቆመን አየነው።

"አያሳዝንህም?" አልኩት።

"ተጽፏል እኮ" አለኝ። "ና፣ ምሳ እንብላ።"

ከዚያ እስከ ቤታችን ድረስ እያፏጨ ሄደ። ወንድም ጋሼ ሲያፏጭ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።