አጎቴና የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል ሦስት ጊዜ ሳይለካ መቀስ አያነሳም፤ ደንበኛ ቢያጣድፈው እንኳ «ሰፊው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ብሎ ያሳፍረዋል። ከልብስ ውጪ ግን ሌላ ሰው ነው። ቧንቧ ሲያፈስ፣ በር ሲጣበቅ፣ «ባለሙያ ይጠራ» ያለውን ሁሉ ይቀየማል። እኛም ለቤት ሰላም ስንል ዝም እንለዋለን።

ቀሚሴን ላስጠብብ ቤቱ የሄድኩ ዕለት የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ከተበላሸ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አጎቴ አዲስ ገዝቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ኮሪደሩ ላይ ካሉት ሁለት ብሬከሮች አንዱን በኩራት አወረደ። የትኛው የመብራት፣ የትኛው የሶኬት እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም፤ እሱ በቃሉ ያውቀዋል። ተመልሶ አሮጌውን ማብሪያ ጠቅ ጠቅ አደረገና ወደ አምፖሉ ቀና አለ።

«አየሽ፣ ጠፍቷል» አለኝ። ክዳኑን ፈትቶ ጣቱን ወደ ሽቦዎቹ ሊሰድ ሲል ባለቤቱ በሩ ላይ ደረሰች።

«እጅህን አንሳ!»

«ምን ሆንሽ? ጠፍቷል እኮ።»

«በምን አወቅህ?»

«አምፖሉ አልበራማ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ማብሪያው ተበላሽቶ አይደል እንዴ የምትቀይረው? ሦስት ቀን ሙሉ መቼ በርቶ ያውቃል?»

አጎቴ እጁን ከሽቦዎቹ አራቀ። እኔም አብሬው አምፖሉን ሳይ ስለነበር አንገቴን ደፋሁ። እሷ ከመሳቢያው ቴስተሩን አወጣች፤ የእጀታውን አናት በጣቷ ተጭና ጫፉን አንዱን ሽቦ አስነካችው። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች።

ሽቦው ኮረንቲ ነበረው። አጎቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔም ፈርቼ ነበር።

ሁለቱም ብሬከሮች ወረዱ። ቴስተሩ እንደገና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካ፤ አልበራም። ያኔ ነው አሮጌው የተነቀለው። አዲሱን አስሮ ክዳኑን ሲያጠብቅ ግን ነፍሱ መለስ ብሎለት ኖሮ፣

«ብሬከሮቹን የሆነ ሰው ቦታ ቀያይሯቸዋል» አለ።

«ማብሪያማ ሱቅ ሙሉ ነው» አለችው። «አንተን ከየት አመጣለሁ?»

አጎቴ ጨርቅ የሚያሰምርበትን ጠመኔ ከኪሱ አወጣና ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ብሬከሮቹ ፊት ቆሞ ጠበቃት።

«የትኛው ላይ ነው ‹መብራት› ብዬ የምጽፈው?» አላት።