ያማል የማይሉ ሰዎች

ሰው ሁሉ አንቱ ሲላት እኔ ብቻ አንቺ የምላት አክስቴ ቢቸና ውስጥ የታወቀች ወጌሻ ናት። ወለምታ አሽታ፣ ውልቃት መልሳ፣ ስብራት ጠግና ስንቱን ሰው በእግሩ አቁማለች። ታዲያ የእሷው ቀኝ እጅ ከትከሻ በላይ አልነሣ አለ። ያ እጅ ካልተፈታ ሥራዋ አበቃ ማለት ነው፤ ሥራዋ አበቃ ማለት ደግሞ፣ አክስቴን ለሚያውቃት ሰው፣ እሷም አበቃች ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ለማንም አለመናገሯ ነው። ለመጣው በሽተኛ ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች የኖረች ሴት የራሷን በነጠላ ሸፍና ስምንት ወር ከረመች። እንዴት እንደደረስሁበት ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ማሸትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷ ዘንድ እከርም ነበር። ሰው ከማስነካቷ በፊት ጋቢ ታጣጥፍና እጥፋቱ ውስጥ አንዲት የባቄላ ፍሬ ደብቃ፣ ዐይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ እንድፈልጋት ታዘኝ ነበር። ባቄላው ሲቀለኝ ወደ ሽምብራ፣ ከሽምብራ ወደ ምስር ወረድን። ጤፍ ላይ ስንደርስ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ተናድጄ ጋቢውን ስደፈጥጠው «ጣትሽ አይቸኩል፤ ፍሬዋ እንደሆነች የትም አትሄድ» ትለኝ ነበር። ጤፏን ያገኘሁ ዕለት ያመሰገነችኝ እንዳይመስላችሁ። ፍሬዋን ከእጄ ወስዳ የጤፉ ጎታ ውስጥ መለሰቻትና ሰፈር ውስጥ ወገቧን ወደሚያማት አንዲት ሴት ይዛኝ ሄደች።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ አለኝ፤ ባሕር ዳር ሄጄ የሦስት ወር የማሳጅ ሥልጠና ወሰድሁ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ለእጅም የምስክር ወረቀት ይሰጣል ወይ ብላ ሳቀችብኝ፤ ሆኖም ዳቦ ቆሎ ቋጥራ የሸኘችኝ እሷው ናት። እዚያ የጡንቻዎችን ስም ተማርሁ፤ በቅቤ ፋንታ ዘይት፣ በቁርበት ፋንታ ከፍ ያለ አልጋ ለመድሁ። አሠልጣኛችን ከሁሉ አስበልጦ የነገረን አንድ ነገር ነበር፤ የምታሹትን ሰው በየመሀሉ «ያማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ የእሱ መልስ ይመራችኋል አለን። ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ሥልጠናው ሲያልቅ ቢቸናን ለአክስቴ ትቼ ሞጣ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ጨርቅ በመነገድ የኖሩ ሙስሊም እናት ነበሩ። በሬ ላይ «ማሳጅ» የሚል ሰሌዳ ስሰቅል ሱቃቸው በር ላይ ቆመው አዩኝ። ማታውን መጥተው፣ እሳቸው ሥራዬን ቢያውቁም መንገደኛው እንደማያውቅ፣ ያ ቃል ደግሞ ከከተማ ይዞት የመጣው ወሬ እንዳለ በቀስታ ነገሩኝ። ፊቴ ቀላ። በማግስቱ ሰሌዳውን አውርጄ «የወገብና የትከሻ እሽት» ብዬ አስጻፍሁ። እሳቸውም በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ መጋረጃውን ብቻ ጋርደው፣ ፊት ለፊት ካለው ሱቃቸው የሚገበያየው ሰው ሁሉ ሲገቡ እያያቸው የመጀመሪያዋ ታሺ ሆኑ። ሳምንት ሳይሞላ የሞጣ ሴቶች ደጄ ላይ ወረፋ ያዙ። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ እወዳታለሁ፤ ፊት ለፊት አንቱ እንጂ አንቺ ብያት የማላውቃትን ሴት እዚህ ላይ እሷ ማለቴም ከፍቅር ነው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ፊት ተቀምጠው ጀርባቸው እንደ ሳንቃ ደርቋል። ሸሚዛቸውን ሳያወልቁ በደረታቸው ተኙልኝ። እንደተማርሁት አሸት አደረግሁና «የኔታ፣ ያምዎታል?» ስል ጠየቅሁ። ደህና ነው አሉ። ጨመርሁ፤ ጠየቅሁ። እንዲያውም ጥሩ ነው አሉ። መልሳቸው ይመራኛል ብዬ በክርኔ ገባሁበት። ሲነሡ ረጅም ምርቃት መረቁኝና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን አከራዬ የኔታ ከአልጋ እንዳልወረዱና ተማሪው እንደተበተነ ነገሩኝ። ሮጬ ሄድሁ። ጀርባቸው በልዟል። በሕመም ላይ ሆነው ለእኔ መቀመጫ እንዲሰጠኝ ያዝዛሉ። አለቀስሁ፤ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም አልኋቸው። የኔታ በጣም ገረማቸው።

«አንቺ ላብሽ እስኪንጠፈጠፍ እየደከምሽልኝ፣ እኔ ያማል ልበል?»

ይህን ያሉት የሰው ቤት ዝረፉ የተባሉ ያህል ነው። ከዚያ ይልቅ እኔን ማባበል ያዙ። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰመርሁበት ነገር ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ ይሉኝታ ያሳደገው ሰው ላይ ግን እንደማይሠራ ያን ዕለት ገባኝ።

እሑድ በሚኒባስ ቢቸና ሄጄ ለአክስቴ ተናዘዝሁ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አፉን ማን ጠይቂ አለሽ?» አለችኝ። «የዚህ አገር ሰው ያማል የሚለው ከሞተ በኋላ ነው። የእግሩን ጣት እዪ። ካጠፈው ያማል፤ ከዘረጋው አያምም።»

ይህን ሁሉ ዘመን ለበሽተኛ ከመጎንበሷ በፊት እግሩን ገልጣ የምታየው ለዚህ ነበር። በርዶት እንደሆነ ልታይ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። እየሳቀች እንባዋን ስትጠርግ ግን ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደተጋደመ ቀረ፤ የጠረገችው በግራዋ ነው። ነጠላዋ ከቀኝ ትከሻዋ ሲንሸራተት አልሳበችውም። ኋላም ከመደርደሪያው ላይ የመታሻውን ቅቤ ለማውረድ ዱካ የምንለው በርጩማ ላይ ወጥታ በግራዋ ስትንጠራራ አየኋት። ውልቃት የያዘውን ሁሉ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለምን ወደ ሐኪም ቤት እንደምትልክ ያኔ ገባኝ። ምን ሆንሽ ብላት ሥራ ያደከመው እጅ ነው አለች። ላሽሽ ስላት ተቆጣች። ወጌሻን ማን ያሻል፣ አገር ቢሰማ ምን ይላል አለች።

እኔም ግትርነትን የወረስሁት ከእሷ ነው። በየእሑዱ መመላለስ ጀመርሁ። ሦስት እሑድ አባረረችኝ። በአራተኛው፣ ለእኔ ስትል ብቻ እንደሆነ አስረግጣ ነግራኝ፣ ቁርበቱ ላይ በግራ ጎኗ ተኛች። ቅቤውን አሙቄ እጄን ትከሻዋ ላይ ሳሳርፍ፣ ሳልጠይቃት «አያምም» አለች። ቀና ብዬ እግሯን ብፈልግ ጋቢ ደርባበታለች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቅልል አድርጋ! ዘዴውን ያስተማረች ሴት ዘዴውን ዘጋችብኝ።

የቀረችኝ ጤፏ ብቻ ነበረች። ዐይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ፈለግሁ። የተቋጠረውን ቦታ አገኘሁት፤ ግን የኔታ ጀርባ እየታየኝ ጠንከር ማለት ፈራሁ። ለወራት እንዲሁ ዳር ዳሩን አሸሁ። እጇ እስከ ጆሮዋ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ። እሷም አያምም ማለቷን አላቆመችም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ ራሴን ባጽናናም፣ ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ያለቀስሁበት ቀን አለ። ያ እጅ እንደዚያው እንዳይቀር ፈራሁ፤ ያሳደገኝ እጅ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ፣ ገና እጄን ሳላሳርፍ፣ አክስቴ በግራ እግሯ ጋቢውን ገፋ አድርጋ ጣለችው። ሁለቱም እግሮቿ ከፊቴ ተገለጡ። ጣቶቿ ገና ሳልነካት ተቆልምመዋል። ወደ ግድግዳው ዞራ፣ በግራ እጇ ቀኝ ትከሻዋን ነክታ፣ ከአፏ ሰምቼ የማላውቀውን ቃል ተናገረች።

«እዚህ ጋ ያማል፣ ልጄ። በጣም ያማል።»

ወጌሻዋ ለእኔ በሽተኛ ሆነችልኝ። ያለችኝ ቦታ ላይ ጣቴን አሳረፍሁ፤ የእግሯን ጣት ስታጥፍ አላላሁ፣ ስትዘረጋ ጨመርሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀና።

ለመስቀል ስሄድ አንድ ገበሬ ቁርጭምጭሚቱ ተጣሞ በሯ ላይ ተቀምጧል። አክስቴ እግሩን ገልጣ አየችና ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኋት። ዱካው ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በባዶ እግሯ መሬቱ ላይ ቆማ ቀኝ እጇን ሽቅብ ሰደደችና ቅቤውን ከመደርደሪያው አወረደች። እያየኋት መሆኔን ስታውቅ «አያምም» አለችኝ።

እግሯን አየሁ። ጣቶቿ መሬቱ ላይ ተዘርግተዋል።