ምላሷ ሲያርፍ

የልጅ ልጄ ምላሰኛ ናት። ስኳር በሽታ ከያዛት ወዲህ ግን ምላሷን እንዳያሳርፍብኝ ፈጣሪን እለምናለሁ።

የእኔ እግር አንድ ቤት አይረጋም። ዛሬ ንፋስ መውጫ ልጄ ዘንድ ባድር፣ ነገ አርብ ገበያ ከተማ የወንድሜ ልጅ ቤት ነኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷም ትከተለኛለች። እሷ መርፌዋንና መለኪያዋን በቦርሳ፣ እኔ ከረሜላ በመቀነቴ ቋጥሬ፣ መንገዱን ሙሉ እየተነቋቆርን እንሄዳለን።

«እማዬ፣ ይሄ እግርሽ ታርጋ ሊወጣለት ይገባል» ትለኛለች።

«መጀመሪያ ላንቺ ምላስ ልጓም ይውጣለት!»

የሰማን ሁሉ የተጣላን ይመስለዋል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «ስኳሯ ሲወርድ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ልጅ ይነጫነጫል፣ አንዳንዱ ይፈዛል። የልጅዎን ጠባይ እርስዎ ያውቃሉ» ብላኝ ነበር። እውነትም አወቅሁት። የእኔዋ ስኳሯ ሲወርድ ጨዋ ትሆናለች።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ቤተ ልሔም አጠገብ እህቴ ቤት ዝክር ነበር። ዳቦው በሁለት ሴቶች ተይዞ ሲገባ ልጅቷ አየችና ጓዳ ገብታ ከምግብ በፊት የምትወጋውን መርፌዋን ተወጋች። የከተማ ልጅ አይደለች? ዳቦ ገባ ማለት ተቆረሰ ማለት መሰላት። በመካከሉ ጸሎት አለ፤ ያውም የእኛ አባ ጸሎት! የሰፈሩን ሙት አንድ በአንድ ሳያነሡ ዳቦ አይቆርሱም።

አባ ገና ከሩቆቹ ሙታን ላይ ሳሉ አንዷ ጎረቤት ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ይቺ ልጅ እንዴት ጨምታለች! አምና ላሟን ሳይቀር ስትሰድብ አልነበር?»

ወደ ልጅቷ ጎንበስ አልሁ። በጆሮዋ፣ «ሹሩባሽ ዶሮ የጫረው መደብ መስሏል» አልኳት። ሌላ ቀን ቢሆን እጥፍ አድርጋ ትመልስልኝ ነበር።

«እሺ» አለችኝ።

እሺ! እሷ ለእኔ እሺ! አየኋት፤ በዚያ ብርድ ግንባሯ በላብ ርሷል፣ የነጠላዋን ጥለት የያዙት ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። መቀነቴን ብፈታው ከረሜላው ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ እምቢ አለ፤ በቀሩኝ ጥርሶች ላጥሁትና ወደ አፏ አስጠጋሁ። እህቴ እጄን ለቀም አደረገችው።

«ኧረ ወዲያ! አባ ሳይባርኩ?»

«ልቀቂኝ! መርፌዋን ተወግታ ምንም አልቀመሰችም። ስኳሯ ወርዷል!»

አባ ጸሎቱን አቆሙ። ከነዕድሜዬ ሊገሥጹኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ልጅቷ ልትወድቅ ነው እኮ! ስኳር በጥብጡላት!» አሉ አባ።

እጄን የያዘችኝ እህቴ ሮጣ ማንኪያ የሚያቆም ስኳር በጥብጣ መጣች። ልጅቷ ቀስ እያለች ዋጠችው። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጣቷን ወግታ ለካች፤ ስኳሯ ከፍ ብሏል። አባ ከዳቦው ቆርሰው ከሁሉ አስቀድመው ለእሷ ሰጧት፤ ከዚያ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

እሷ እያኘከች ትከሻዬን ተደገፈችኝ።

«እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «አባ እስኪጨርሱ የማታው መርፌዬ ይደርሳል።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ።