የኑግ ዘይትና ማይክሮስኮፑ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ አዲስ አበባ፣ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ወስዳ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ቁምሳጥን ያክላል፤ ከዓይን የሚሰወር አቧራ ስክሪኑ ላይ ተራራና ሸለቆ ሆኖ ይታያል። "ዘይቱን የት ነው የምታደርጉት?" ብል ወጣቶቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔ ሰባት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ሰብስቤ ስጠርግ የምውል አሮጊት ነኝ፤ ዘይት ምን እንደሚያደርግ አሳምሬ አውቃለሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ነቀምቴ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ደም መርማሪ ነበርኩ። አለቃዬ ኦቦ ገመቹ ዝምተኛና ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ያለን አንድ የነሐስ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን የሚሠራ። በክረምት ሌንሱን ሻጋታ እንዳይበላው ማታ ማታ አጠገቡ ፋኖስ እናበራለታለን። "ብርድ አይወድም፣ እንደኔ ነው" ይሉ ነበር ኦቦ ገመቹ።

የዚያን ክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ጠፋ። በትልቁ ሌንስና በደሙ መሃል የምናንጠባጥበው ልዩ ዘይትም አለቀ። አንድ ቅዳሜ ኦቦ ገመቹ ለለቅሶ ጊምቢ ሄደው ሳለ ታላቅ ወንድሜን በቃሬዛ አመጡት። ዴዴሳ ቆላ ወርዶ በቆሎ ሲጠብቅ ነው የታመመው። ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል። ወባ ነው ወይስ በቅማል የሚመጣው ግርሻ ትኩሳት? መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

"ያ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ልሞት ነው እንዴ?"

"ምን በወጣህ!" አልኩት። ጣቱን ወግቼ ደሙን መስታወት ላይ ቀባሁ።

ያለዘይት ትልቁ ሌንስ የሚያሳየው ጭጋግ ብቻ ነው። ዞር ስል ለምሳችን የተቀመጠ የኑግ ዘይት አየሁ። ደሙ ላይ አንድ ጠብታ አደረግኩ። ወይ ተአምር! የወባው ተህዋስ ትንንሽ ቀለበት መስሎ ቁልጭ አለልኝ። እየሮጥኩ ለነርሷ ነገርኩ፤ መድኃኒቱ ወዲያው ተሰጠው። እሑድ ከሰዓት በቅቤ የራሰ የጩምቦ ቂጣ ካላመጣችሁልኝ ብሎ ተቆጣ። ያን ቀን የዘመርኩትን አልረሳውም።

ለካ ቅዳሜ በደስታዬ ሌንሱን ሳልጠርግ፣ ፋኖሱን ብቻ አብርቼ ሄጄ ኖሯል። የኑግ ዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ እንዴት እንደሚጋገር የማያውቅ የወለጋ ልጅ አለ? እኔ ረሳሁት። ሰኞ ጠዋት ሌንሱ ላይ እንደ ሙጫ ደርቆ ጠበቀን። ኦቦ ገመቹ በአልኮል ሞከሩ፣ በቤንዚን ሞከሩ፤ አልለቀቀም። ይህን ሲያደርጉ ባሏ ከአርጆ በኩል በበቅሎ ያመጣት፣ ትኩሳት የሚያቃጥላት ሴት ደረሰች። ደሟን ወሰድን። ኦቦ ገመቹ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ቀና አሉ።

"ምንም አይታየኝም" አሉ።

አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ! ሴትዮዋ በግምት መድኃኒት ተሰጥቷት፣ ባሏ በቅሎው ላይ ደግፎ ይዟት ተመለሰ። ትዳን ትሙት የነገረኝ የለም፤ እኔም ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

ማይክሮስኮፕ ለምን እንደምሰበስብ ሰዎች ሲጠይቁኝ "ስለሚያምሩ ነው" እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ነው። በየዓመቱ ማር ይዞልኝ ይመጣና "በአንቺ ዓይን ነው የተረፍኩት" እያለ ይመርቀኛል። ማሩን ተቀብዬ አሜን እላለሁ። ስለዚያች ሴት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።