ጽዋዬን መልሱልኝ

ነገሩ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነውና ማለስለስ አላውቅም። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌያችን የሚካኤል ማኅበር አለን። ተራዬ ደርሶ ጽዋውን ቤቴ አስገባሁ። በወሩ ማኅበርተኛው ከነቄሱ ሲመጣ ጠላ የለ፣ ዳቦ የለ፤ እኔ አጥር ሥር ፀሐይ እሞቃለሁ። ጭራሽ ረስቼዋለሁ! ቄሱ ውሃ ባርከው አቀመሷቸውና ተበተኑ። «አያ ድረስ ጃጅቷል» ተባለ። ጽዋውንም ወሰዱብኝ።

ፍኖተ ሰላም ቢሮ የሚሠራው ልጄ ይህን ሰምቶ መሬቴን ለእኩል አራሽ ሰጠና እኔን ከተማ ወሰደኝ። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ነው። ልነሳ ስል «ይረፉ አባባ፣ ምን ጎደለብዎ?» ይላል። እበላለሁ፣ አንቀላፋለሁ። ቆይቶ የልጅ ልጆቼ ስም ይጠፋኝ ጀመር።

ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሟ የደም ግፊት አግኝታ መድኃኒት አዘዘች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ፣

«አባትዎን በወንበር አይግደሏቸው። ይራመዱ፣ የለመዱትን ይሥሩ፣ ከሰው ይጫወቱ። ይድናሉ ብዬ አልምልልዎትም፤ መቀመጡ ግን ይብስባቸዋል» አለችው።

በማግስቱ የቡሬ መኪና ተሳፈርኩ። ልጄ አኮረፈ። ያኩርፍ!

መሬቴን ከእኩል አራሹ ተቀበልኩ። ጠዋት በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለሳለሁ፤ ቀን አርሳለሁ፣ ጓሮ እቆፍራለሁ፤ ሲመሽ ጮክ ብዬ አነባለሁ። መድኃኒቴንም እውጣለሁ። ቀስ በቀስ ጭንቅላቴ ጠራ።

ዘንድሮ በማኅበሩ መሀል ተነስቼ «ጽዋዬን መልሱልኝ» አልኩ።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አያ ሞላ ሳቀ። «እንደዚያን ጊዜው ውሃ ልታጠጣን ነው?»

«ውሃ ካጠጣሁህ በሬዬን ውሰድ።»

«በሬህን የት እንዳሰርከውስ ታውቃለህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጽዋውን ግን ሰጡኝ።

ቀኑ ሲቃረብ በየደጁ በእግሬ ዞሬ አስታወስኳቸው። ሲመጡ ጠላው ደርሶ፣ ዳቦው ተጋግሮ ጠበቃቸው። አያ ሞላ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ «ውሃ አይደለም!» እያለ ሲመሰክር አመሸ።

የቀረው ልጄ ብቻ ነው። በስልክ እመጣለሁ ብሎ ምሎልኝ ነበር። በማግስቱ ከቡሬ በባጃጅ ሙክት ጭኖ ከተፍ አለ።

«አባባ፣ እንግዶቹስ?»

«ጽዋው ትናንት ነበር፣ ልጄ።»

ራሱን ያዘ። አላዘንኩለትም።

«አንተም መቀመጥ አብዝተሃል» ብዬ ዶማ አስጨበጥኩትና ጓሮ ይዤው ገባሁ። እስኪያልበው አልለቀቅሁትም።

አሁንም አንዳንድ ስም ይጠፋኛል። ይጥፋ። ያን ቀን ግን ዶማውን ጥሎ «ደከመኝ» ያለው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም።